ያረጀች ድመት ምግብ እምቢ ስትል፦ ጎንደር ላይ ባለን ነገር ምን እናድርግ?

ድመት ሳትበላ ስትውል መጀመሪያ ምትሰሙት ነገር "ኧረ ተዋት፣ ውጪ አይጥ በልታ ነው" ሚል ነው። ለወጣት ድመት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን 12 እና 13 ዓመት የሞላት፣ አጥር መዝለል ያቃታት፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ምትውል ድመት አይጥ አሳዳ ያዘች ማለት እኔን አያሳምነኝም። ሁለተኛው ደሞ "አርጅታለች በቃ" ሚለው ነው። ይሄኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም እርጅና ብቻውን ምግብ አይዘጋም፣ ሚዘጋው ከእርጅና ጋ አብሮ የመጣ አንድ ነገር ነው፣ ኩላሊት ወይ ጥርስ ወይ መገጣጠሚያ ወይ ሌላ፣ ከነዚህ ውስጥ ደሞ ብዙዎቹ ባይድኑ እንኳን ሊቀልሉላት ይችላሉ።

ስለዚ "ምን ጣፋጭ ነገር ልስጣት" ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ፦ አልፈለገችም ወይስ አቅቷት ነው? መብላት እየፈለገች ያቃታት ድመት ፊት አስር አይነት ምግብ ብትደረድሩ ትርፉ እሷን ማሰቃየት ነው።

ከዛ በፊት ግን ሰዓት

ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የበላችው መቼ ነው? ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ፣ ልጆቹንም ሠራተኛዋንም፣ ብዙ ጊዜ ሁሉም ሌላው ያበላት ይመስለዋል። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ሚወሰድ ጉዳይ ነው። ትንሽ ትንሽ እየቀመሰች፣ ውኃ እየጠጣች፣ እየተንቀሳቀሰች ከሆነ ግን ከታች ያለውን እየሞከራችሁ ሁለት ቀን ማየት ይቻላል።

ለምን ይሄን ያህል ችኮላ? ድመት ስትራብ ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ እያወጣ ወደ ጉበት ይልካል፣ የድመት ጉበት ደሞ ያን ሁሉ ስብ ባንዴ መጨረስ አይችልም፣ በስብ ይሞላና ራሱ መሥራት ያቆማል። ይሄ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊጀምር ይችላል፣ በተለይ ወፍራም የነበረች ድመት ላይ። የጆሮዋ ውስጥ፣ ድዷ ወይ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ከሆነ እዛ ደርሳ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ጽሑፍ ማንበብ አቁማችሁ ሂዱ። አፏን ከፍታ ምትተነፍስ ከሆነም እንደዛው። ወንድ ድመት ሆኖ ሽንት ለመሽናት እያማጠ ጠብታ ማይወጣው ከሆነ ደሞ ለነገ ሚባል ነገር የለም፣ የተዘጋ ሽንት ባንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል።

አልፈለገችም ወይስ አቅቷት? ቁጭ ብላችሁ እዩ

ሽታው ጠንከር ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ለብ ያለ የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ፣ በትንሽ ሰሃን አድርጉና አጠገቧ አስቀምጡ፣ ከዛ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ። አትጥሯት፣ አታባብሏት፣ ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚች አምስት ደቂቃ ምታገኙት ነገር ለሐኪሙም ትልቅ ወሬ ነው።

ሮጣ መጥታ አንዴ ጎርሳ ምትተፋ፣ ባንድ ጎን ብቻ ምታኝክ፣ አንገቷን ጠመም ምታደርግ፣ አፏን በእግሯ ምትጠርግ፣ አንዳንዴም ሰሃኑ ላይ እየጮኸች ምትሸሽ ከሆነ አፏ ነው። አሮጊት ድመቶች ላይ ጥርሱ ከሥሩ እየተበላ ይሄዳል፣ ድዱ ይቀላል፣ ሕመሙ ከባድ ነው። እንዲህ ያለችዋ ርቧታል ግን አቅቷታል።

መጥታ አሽትታ ከንፈሯን እየላሰች፣ ምራቋን እየዋጠች ፊቷን ምታዞር ከሆነ ያቅለሸልሻታል። አንዳንዷ ጭራሽ ምግቡን እንደ አፈር በእግሯ ልትቀብረው ትሞክራለች። አሮጊት ድመት ላይ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ምጠረጥረው ኩላሊት ነው፣ በተለይ ከወትሮው ብዙ ውኃ ምትጠጣና ብዙ ምትሸና ከነበረ፣ የአፏም ሽታ ከተቀየረ። እዚ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ትሸናለች ብሎ ውኃ ሚቀንስባት ሰው አለ፣ በፍፁም አታድርጉት፣ ምትጠጣው ኩላሊቷ ውኃውን መያዝ ስላቃተው ነው፣ ከከለከላችኋት ትደርቃለች።

ረጅም ጊዜ አሽትታ አሽትታ ግራ የገባት መስላ ምትሄድ ከሆነ አፍንጫዋን እዩ። ድመት ያላሸተተችውን አትበላም፣ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ከተደፈነ ምግቡ ለሷ የለም ማለት ነው። አፍንጫዋን ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉላት፣ ስትታጠቡም እንፋሎቱ ውስጥ አስር ደቂቃ አብራችሁ አስቀምጧት። ሰሃኗንም ቡና ሚፈላበት ክፍል አታድርጉ፣ እጣኑ ሁሉንም ሽታ ይውጠዋል።

ጭራሽ ተነስታ ማትመጣ ከሆነ ደሞ ወይ በጣም ታማለች ወይ መነሳቱ ያማታል። ሰሃኑን አፍንጫዋ ሥር አድርጉላት፣ ተኝታ ከበላች ችግሩ መገጣጠሚያዋ ወይ ወገቧ ሊሆን ይችላል። ካልነካችው ወደ ሐኪም።

ሰውነቷን መፈተሽ

እጃችሁን ወደ አፏ ከማስገባታችሁ በፊት፦ ድመቷ ያልተከተበች ከሆነች፣ ባህሪዋ ድንገት ከተቀየረ፣ ካለ አመሏ ምትናከስ ከሆነ፣ ምራቋ ሚዝረከረክና መዋጥ ያቃታት ከመሰለ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና አትንኳት። ክፍል ዘግታችሁባት ሐኪም ጥሩ። ከነከሰች ወይ ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂዱ። ይሄ በሽታ እኛ ሀገር አለ፣ ድመትንም ይይዛል፣ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደሞ መድኃኒት የለውም።

እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ከንፈሯን ገለጥ አድርጉ። ድዷ ሮዝ መሆን አለበት፣ በጣት ጫን ሲባል ይነጣና በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ይመለሳል። የነጣ ከሆነ ደም ማነስ፣ ሚያጣብቅና ደረቅ ከሆነ የውኃ እጥረት ነው። የቆዳዋን መሳብ ብዙም አትመኑት፣ ያረጀ ቆዳ ሳትደርቅም ቀስ ብሎ ነው ሚመለሰው። ተኝታ እያለ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ከ30 በላይ እየደጋገመ ካገኛችሁ ለሐኪሙ ሚነገር ነው። ሆዷን ቀስ ብላችሁ ዳብሱ፣ ድርቀት አሮጊት ድመቶች ላይ ብዙ ነው፣ ሁለት ሶስት ቀን ካልወጣላት እሱ ራሱ ምግብ ይዘጋል።

ክብደቷን መዝኑ፣ ይሄ ከሁሉም በላይ ነው። የሰው ሚዛን ትንሿን ለውጥ አያሳይም፣ ሰፈር ያለው ባለሱቅ ዲጂታል ሚዛን ካለው ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ውሰዷት፣ ካርቶኑን ለብቻው መዝናችሁ ቀንሱ። ባለሱቁ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዛ ይለምዳል። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 3.6 ከሆነች ከሰውነቷ አንድ አስረኛው ሄዷል፣ እየበላች ቢሆን እንኳን ዝም ሚባል አይደለም። እንደውም እየበላች ምትከሳ አሮጊት ድመት የታይሮይድ ወይ የስኳር በሽታ ሊኖርባት ይችላል።

ከቤት መድኃኒት ሳጥን ምንም አትስጡ

ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ባለ 500 አንድ ፍሬ ይበቃታል፣ ጉበቷ እሱን ማስወገጃ የለውም። "ግማሽ ብሰጣትስ" አይባልም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም እንደዛው፣ ያውም የደከመ ኩላሊት ላይ። ጎረቤት እናት "ልጄ ሩቡን በወተት በጥብጠህ ስጣት፣ እኔ ሰጥቼ አውቃለሁ" ቢሉህ በአክብሮት "እሺ እማማ" ብለህ አለመስጠት ነው። ነጭ ሽንኩርት ለሆድ ትል ሚሉም አሉ፣ ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

እዚ ላይ የኛ ቤት ችግር ይመጣል። ጎንደር ላይ አብዛኛው ድመት ሚበላው የወጥ ትራፊ በእንጀራ ነው፣ ወጥ ደሞ ሲጀመር ቀይ ሽንኩርት ነው። ወጣት ሳለች ችላው ኖራለች ማለት አሁን ትችለዋለች ማለት አይደለም። የዶሮ ወጥ አጥንትም አትስጡ፣ የበሰለ አጥንት እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ምን እናብስል

የዶሮ ሥጋ፣ ጭኑም ደረቱም ይሆናል፣ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት ያለ ኩብ ቅመም በውኃ ብቻ እስኪበስል ቀቅሉት። አጥንቱን አውጡና ሥጋውን በጣት ቦጫጭቃችሁ፣ ጥርሷ ሚያማት ከሆነ ጨፍልቃችሁ፣ መረቁን አፍስሱበት። መረቁን አትድፉት፣ ሽታውም ውኃውም እዛ ነው፣ ድመት ከምግብ ማግኘት ያለባት ታውሪን ሚባለው ንጥረ ነገርም ሲቀቀል ወደ መረቁ ይወጣል። ስታቀርቡ ለብ ይበል፣ እንደ ሰውነቷ 38 ዲግሪ አካባቢ፣ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ሞክሩት፣ ሙቀቱ ካልተሰማችሁ ካልቀዘቀዘባችሁም ልክ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ምግብ ሽታ ስለሌለው ብቻ እምቢ ምትል ድመት ብዙ ናት፣ አንዳንዴ ነገሩ ሁሉ እዚችው ላይ ያልቃል።

መጠኑን በተመለከተ፣ 4 ኪሎ ምትመዝን ድመት ዝም ብላ ተኝታ እንኳን በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ትፈልጋለች። ያ ማለት 120 ግራም የተቀቀለ ዶሮ፣ በቡና ሲኒ ሶስት አካባቢ፣ ወይም 80 ግራም ዶሮና አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ባንዴ አታቅርቡት፣ አምስት ስድስት ቦታ ከፋፍሉት፣ ያልበላችውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንሱት፣ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ሚቀመጥ ምግብ የበለጠ ያስጠላታል። ብዙ ቀን ሳትበላ የቆየች ከሆነ ደሞ የመጀመሪያው ቀን ከሲሶው አትለፉ፣ በሶስት አራት ቀን ቀስ እያላችሁ ወደ ሙሉው አድርሱት፣ የተራበ ሰውነት ባንዴ ሲሞላ ራሱ ይታመማል።

ሌሎች ሚሞከሩ ነገሮች፦ የበሬ ልብ በደንብ ተቀቅሎና ተከትፎ (ታውሪኑም ጥሩ ነው፣ ከሌላው ሥጋም ብዙ ጊዜ ይረክሳል)፣ ጉበት ለሽታ ያህል በጣም ትንሽ (በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤው በዝቶ አጥንቷን ይጎዳል)፣ ለጋ ቅቤ በጣት ጫፍ ምግቡ ላይ። ንጥር ቅቤ አይሆንም፣ ሲነጠር ሽንኩርትና ቅመም ይገባበታል። ወተት አብዛኛውን ትልቅ ድመት ያስቀምጠዋል፣ የደረቀች አሮጊት ላይ ተቅማጥ ሚጨምር ነገር አይሰጥም። ጥሬ ሥጋም ይቅር።

ዶሮ ብቻ ለሳምንት ሁለት ሳምንት ያሻግራል እንጂ ለዘላለም አይበቃም፣ ካልሲየምና ሌላም ይጎድለዋል። ከአዲስ አበባ ሚመጣ ሰው ካለ እርጥብ የታሸገ የድመት ምግብ አስመጡ፣ ከዶሮው ጋ ቀላቅሉት።

ፆም ላይ እንዴት ይሆናል?

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ፣ ድመት ፆመኛ መሆን አትችልም። ሰውነቷ ፕሮቲን ከሥጋ እንዲያገኝ የተሠራ ነው፣ ሽሮና ክክ ሞልቶ ቢቀርብላትም ሚያስፈልጋት ነገር እዛ ውስጥ የለም። አቢይ ፆም 55 ቀን ነው፣ በዚህ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሥጋ ሚባል ሽታ የለም፣ ወጣቷ ድመት ውጪ ወጥታ የራሷን ትፈልጋለች፣ አሮጊቷ ግን ሰሃኗን ብቻ ነው ምትጠብቀው። "ፆም ገባና ምግብ ዘጋች" ሚባለው ብዙ ጊዜ የዘጋችው እሷ አይደለችም፣ እኛ ነን።

እንቁላል ሱቅ አይጠፋም። አሳም አለ፣ ከጎርጎራ በኩል ሚመጣው የጣና አሳ፣ ቆሮሶም ይሁን አምባዛ፣ በውኃ ተቀቅሎ እሾሁ አንድ በአንድ ተለቅሞ። እሾሁን በዓይን አትመኑ፣ በጣት ጨፍልቁት። አዲስ ዓለም በኩል ደሞ የሙስሊም ሥጋ ቤት መጠየቅ ነው። ቤት ውስጥ በፆም ሥጋ መቀቀል ማይፈልግ ሰው ካለ፣ ልክ ነው ይከበር፣ ለድመቷ አንድ ብረት ድስትና አንድ ማንኪያ ለይታችሁ ውጪ ከሰል ላይ ቀቅሉላት።

ቦታዋ

ሰሃኑ ሰፊና ዝርግ ይሁን፣ መገጣጠሚያ ለሚያማት ደሞ አንድ ጡብ ላይ ከፍ አድርጉት አንገቷን ብዙ እንዳትደፋ። ውኃው ከምግቡ ራቅ ይበል፣ ሁለት ሶስት ቦታ አስቀምጡ። ምትጸዳዳበት ከሁለቱም ይራቅ። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ሌሊቱ ለአሮጊት ድመት ከባድ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ አትተኛ፣ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጋቢ፣ ሙቅ ውኃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎኗ። የበረዳት ድመት ከጉድጓዷ ወጥታ ሰሃን ጋ አትሄድም።

እንግዳም ይቆጠራል። ለጥምቀት ቤቱ በዘመድ ሲሞላ አልጋ ሥር ገብታ ሁለት ቀን ማትወጣ ድመት አለች። አንድ ክፍል፣ ካልሆነም አንድ ጥግ ከመጋረጃ ኋላ ለሷ ብቻ ተዉላት፣ ሕፃናት አይግቡ፣ ምግቡን ሁልጊዜ አንድ ሰው ይስጣት።

በእጅና በስሪንጅ ማብላት

መጀመሪያ በእጅ። ትንሽ መረቅ ጣት ላይ፣ አፍንጫዋ ሥር። ካልላሰች የላይኛው ከንፈሯ ላይ ነካ አድርጉ፣ መላሷ አይቀርም፣ አንዳንዴ ያቺ ጣዕም ታስጀምራታለች። ሁለት ሶስቴ ሞክራችሁ ፊቷን ካዞረች ተዉ።

ስሪንጅ ከፋርማሲ ባለ 5 ሚሊ ግዙ፣ መርፌው ይወገድ። ዶሮውን ከመረቁ ጋ ፈጭታችሁ አጥልሉት፣ እንደ አጥሚት ቀጭን ይሁን። ድመቷ በደረቷ ተቀምጣ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ጭንቅላቷ ቀጥ ብሎ። ወደላይ አታቅኑት፣ ምግቡ ሳንባ ሚገባው ያኔ ነው። የስሪንጁን ጫፍ ከጎን፣ ከክራንቻዋ ጀርባ ባለችው ክፍተት አስገቡና ግማሽ ሚሊ ግፉ። መዋጧን እዩ። ከዛ ሌላ ግማሽ። ካሳላት፣ ምራቋ ከዘነበ ወይ ከታገለች አቁሙ። ሚያቅለሸልሻትን ድመት በግድ ማብላት ግን አልወድም፣ ማቅለሽለሹን ከምግቡ ጋ ታያይዘውና በኋላ ደህና ሆናም ያንን ምግብ ስታይ ትሸሻለች፣ ለእንደዚች ድመት መጀመሪያ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ነው ሚያስፈልጋት። በዚሁ ምክንያት ክኒን ምትወደው ምግብ ውስጥ አትደብቁ።

ሐኪም ጋ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ መጀመሪያ እዛ ጠይቁ። እዚ አካባቢ የእንስሳት ሐኪም ቀኑን ሚያሳልፈው ከከብት፣ ከበግና ከአህያ ጋ ነው፣ ስለዚ ድመት ይዛችሁ ስትሄዱ ዝርዝሩን እናንተ ይዛችሁ መሄዳችሁ ብዙ ይረዳል፦ እድሜ፣ ክብደት ድሮና አሁን፣ መጨረሻ የበላችበት ሰዓት፣ ሽንትና ዓይነ ምድር፣ ትውከት፣ የአይጥ መርዝ ሰፈር ውስጥ ተረጭቶ እንደሆነ፣ ደሞ ስትበላ ምን እንደምታደርግ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ። ባጃጅ ላይ በእቅፍ አትያዟት፣ ጥሩምባ ስትሰማ ትዘላለች፣ ክዳን ያለው ቅርጫት ወይ ቀዳዳ የተበሳ ካርቶን በነጠላ ተሸፍኖ።

ምትጠይቁት ደግሞ ይሄ ነው፦ አፏ በደንብ ይታይልኝ፣ ክሬቲኒንና ዩሪያ (ኩላሊቷ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ሚያሳዩ ነገሮች) ሚለካ የደም ምርመራ ይቻላል ወይ፣ ደርቃ ከሆነ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ይሰጣታል ወይ፣ ለማቅለሽለሽ ማሮፒታንት ይገኛል ወይ። ምግብ ለማስጀመር ሚርታዛፒን ሚባል የሰው የድብርት መድኃኒት በጣም ትንሽ ተከፍሎ ለድመት ይሰጣል፣ ይሠራልም፣ ግን መጠኑንና ስንት ቀን ተለያይቶ እንደሚሰጥ ሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ኩላሊቷ የደከመ ላይ ይራራቃል።

ምርመራው ካንሰር ወይ መጨረሻ ላይ የደረሰ ኩላሊት ካለ፣ መድኃኒቱም ፈሳሹም ተሰጥቶ አሁንም አፏን ከዘጋች፣ ራሷን መላስ ካቆመች፣ ሽንቷ ላይ ከተኛች፣ በስሪንጅ መግፋቱን ማቆም ይሻላል ባይ ነኝ። በመድኃኒት ሳትሰቃይ እንድትሞት ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም። በእምነት ምክንያት ማይፈልግ ቤተሰብም አለ፣ ያኔም ቢሆን ለድመት ሚሆን ማስታገሻ ሐኪሙን ጠይቁ፣ እንዲሁ ስትሰቃይ አትቆይ።

መብላት ከጀመረች በኋላ

በሳምንት አንዴ ያው ሱቅ ያው ሚዛን፣ ቁጥሩን የግድግዳ ካላንደሩ ላይ ጻፉት። ሁለት ሳምንት ተከታታይ ከቀነሰች እየበላችም ቢሆን ተመለሱ። የኩላሊት ችግር የተገኘባት ደሞ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ደሟ ድጋሚ ይታይ፣ እስከዛ ምግቧ ላይ መረቅ ወይ ውኃ መጨመሩን አታቁሙ። ፆም ሊገባ ሲል ፍሪዘር ያለው ሰው የተቀቀለ ዶሮና ልብ በትንሽ በትንሽ ፌስታል ከፋፍሎ ያስቀምጥ፣ አንዷ ፌስታል የአንድ ቀን፣ መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን ግን መልሳችሁ አታቀዝቅዙት።